«ተገናኝቷል» ያለኝ ማሽን

ጡረታ የወጣሁት በሰኔ መጨረሻ ነው። ቴፒ ዋናው ቢሮ ንብረት ክፍል ገብቼ መሣሪያዎቼን አስረከብኩ፤ ሁለት ብሎን መፍቻ፣ የኬብል መቆንጠጫ፣ መሞከሪያ ላፕቶፕ፣ ዚፑ የተበጠሰ ቦርሳ። ሠራተኛዋ አንድ በአንድ በዝርዝሩ ላይ ምልክት አድርጋ ስትጨርስ ቀና ብላ፣ «እትዬ ፀሐይ፣ ሌላ በእጅዎ የቀረ ነገር አለ?» አለችኝ። የለም ብዬ ፈረምኩ።

ሰው ከሥራ ሲሰናበት ስለ ሽኝቱ ያወራል። እኔም ካባ ለብሻለሁ፤ ኬክ ቆርሻለሁ። ሰዎቹ ሲያጨበጭቡ ግን እኔ የማስበው ከቴፒ ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ፣ ቡናው ከጫካው በማይለይበት ቦታ ስላለ አንድ ክሊኒክ ነበር። እዚያ የሆነውን ለአለቆቼ በሪፖርት ጽፌዋለሁ። ሪፖርት ደግሞ ልብ የለውም። እስቲ አሁን እንደሆነው ልናገረው።

ሥራ የጀመርኩት ሚዛን ተፈሪ ነው፤ በታይፒስትነት። አባቴ ከወልቂጤ መጥቶ ሚዛን ላይ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር። እኔም ሱቅ እንድጠብቅለት ይፈልግ ነበር፤ የኔ ጣት ግን የጽሕፈት መኪና ወደደ። በኋላ አንድ የቡና እርሻ ድርጅት ቀጠረኝና ከጥቂት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ኮምፒውተር መጣ። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጃችን ማሽኑ ይቃጠላል ብለው ስለሚሰጉ ምሳ ሰዓት በመጣ ቁጥር አስጠፍተው በጥልፍ ጨርቅ ያስሸፍኑት ነበር። ከእሳቸው ቀጥለው የመጡት ደግሞ በማሽኑ የተጻፈውን ሁሉ በወረቀት ካላዩ አያምኑም። ከታይፒስት ወደ ኮምፒውተር ሴክሬታሪ፣ ከዚያ ወደ ጥገና ሠራተኛ ስዘዋወር የሥራ ስሜ ከደመወዜ ይልቅ ፈጥኖ አደገ።

ጥገና ያስተማሩኝ ጋሽ ሰይፉ ናቸው። ድሮ የድርጅቱ የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበሩ። በየካምፑ ያለውን ሰው በድምፁ ብቻ ለይተው ያውቁት ነበር። ሬዲዮው ቀርቶ ዋይፋይ ሲመጣ «ያው ሬዲዮ ነው፤ ማውራት ትቶ መጻፍ ጀመረ እንጂ» ብለው ያለ ምንም ድንጋጤ ገቡበት።

ጋሽ ሰይፉ ማሽን ተበላሸ ተብለው ሲጠሩ ማሽኑን አይነኩም። ወንበር ስበው ከባለቤቱ ጀርባ ይቀመጡና «እንደ ወትሮህ ሥራ፤ እኔ የለሁም» ይላሉ። ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ያያሉ፤ አዎ፣ በጆሮ የሚያዩ ይመስላሉ። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው ደብተር ያወጣሉ። ማንኛውንም ነገር ከመለወጣቸው በፊት ምን እንደነበረ ይጽፋሉ፤ ከለወጡ በኋላ ምን እንደሆነ ይጽፋሉ። ሥራው ሲያልቅም አይሄዱም። ባለቤቱ ማሽኑን ራሱ አጥፍቶ፣ ራሱ አስነሥቶ፣ በገዛ እጁ አንድ መልእክት እስኪልክ ድረስ ከበር ውጭ ቆመው ይጠብቃሉ።

አንድ ቀን ቸኩዬ «ይሠራል እኮ፣ አየሁት» አልኳቸው።

«አንቺ እያለሽ የሚሠራ ማሽን አንቺን አክብሮ ይሆናል» አሉኝ። «ስትወጪ የሚያደርገውን ነው ማየት ያለብሽ።»

ሌላም አስተማሩኝ። የሬዲዮ ምልክት ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ መሣሪያውን ደረትሽ ላይ ያዢና በዝግታ ዙሪ ይሉኛል። የሰው ገላ ምልክት ይጋርዳል፤ ምልክቱ ወደ ታች የሚወርደው ጀርባሽን ለምንጩ ስትሰጪ ነው። ስለዚህ የምትፈልጊው ነገር ሁልጊዜ ከኋላሽ ነው። ይህን ሲሉ ይስቁ ነበር። እኔ ግን ጫካ ውስጥ ብቻዬን ስሞክረው ስቄ አላውቅም።

ጡረታ ሲወጡ ደብተሮቻቸውን በሙሉ በካርቶን አድርገው ሰጡኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታ ሠርቻለሁ። ማሻ ሦስት ዓመት ነበርኩ። ማሻ ላይ ማንኛውም ነገር ከጠፋ ሰው «ጉሙ ነው» ይላል። አንድ ቢሮ ሲስተሙ ታደሰና ዋይፋዩ ከነስሙ ጠፋ፤ እንደ ወትሮው ጉሙ ተከሰሰ። ነገሩ ግን አዲሱ ሲስተም የድሮውን የዋይፋይ ካርድ ቋንቋ አለማወቁ ነበር። የሚያስተዋውቃቸውን ድራይቨር በፍላሽ ይዤ ሄጄ ጫንኩት፤ ጉሙም ነፃ ወጣ። ቱም ከተማ ደግሞ አንድ የሂሳብ ሠራተኛ «ሳየው አለ፤ ዓይኔን ሳነሣ ይጠፋል» ብሎ በፍርሃት ነገረኝ። ቀልድ መስሎኝ ከጀርባው ተቀመጥኩ። እውነቱን ነው። እጁን ከማሽኑ ባነሣ ቁጥር የዋይፋዩ ምልክት እንደ ሰው ዓይን ክድን ይላል። ሲስተሙ ኃይል ለመቆጠብ ብሎ ካርዱን እያስተኛው ነበር። ከማስተካከያው ላይ ይህን የሚፈቅደውን ምልክት አነሣሁና ተስተካከለ። ሰውየው ግን ከዚያ በኋላም ማሽኑን በጎን ነበር የሚያየው።

እንዲህ ያለውን ችግር በደርዘን ፈትቻለሁ። ሲስተም ሲታደስ ከሁሉ በፊት የሚታመመው ዋይፋይ ነው። የማውቀው ነገር መሆኑ ነው ያዘናጋኝ።

ከዓመታት በፊት፣ በክረምቱ መግቢያ፣ በየካምፑ ያሉ ማሽኖች ሲስተማቸው ይታደስ የሚል ትእዛዝ መጣ። ያ የጫካው ክሊኒክ ለመጨረሻ ቀረ። አንዲት ነርስ፣ ሲስተር ሙሉ፣ ብቻዋን ነው የምትሠራው። የሞባይል ኔትወርክ አይደርስም። ከዓለም ጋር የሚያገናኛት ኮረብታው ላይ ካለው ከድርጅቱ ማማ የሚመጣው ዋይፋይ ብቻ ነው። ወላድ ሲከብዳት፣ እባብ የነደፈው ሲመጣ፣ በዚያ ማሽን ቴፒ ላለው ቢሮ ትጽፋለች፤ መኪና ይመጣል።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር የደረስኩት። ሲስተሙን ጫንኩ፣ ድራይቨሩን ሰጠሁት፣ የይለፍ ቃሉን ጻፍኩ። ሰማዩ ጠቁሯል። ሾፌሩ ክላክስ እያደረገ «ወንዙ ሳይሞላ!» ይላል። ከታች ጥግ ላይ «ተገናኝቷል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። አንድ የሙከራ መልእክት እኔው ራሴ ላክሁ፤ ሄደ። ሲስተር ሙሉ በሽተኛ እያየች ስለነበር በበሩ አንገቴን አስገብቼ «ጨርሻለሁ፤ መልኩ ትንሽ ተቀይሯል እንጂ ያው ነው» አልኳትና ሮጬ መኪና ውስጥ ገባሁ።

ማሽኑን አላጠፋሁትም፤ አላስነሣሁትም። እሷ በእጇ እንድትልክ አላደረግሁም። የጋሽ ሰይፉን ደብተር ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ነበር፤ አልገለጥኩትም።

በማግስቱ ቀትር ላይ ወንዙ ድልድዩን ሸፍኖት መንገድ ተዘጋ። ከክሊኒኩ የሚመጣው የዕለት ሪፖርትም ቀረ። አለቃዬ «ያደስሽው ማሽን አይጽፍም እንዴ?» አለኝ። ዓርብ ጠዋት ውሃው ጎደለ ሲባል በመጀመሪያው መኪና ተሻገርኩ።

ክሊኒኩ ጭር ብሏል። የጽዳት ሠራተኛዋ ወርቄ ቁልፍ ይዛ መጣች።

«ሲስተር የት ሄደች?»

«ለቅሶ ቤት ናት። የተካ ሚስት፣ ብርቱካን፣ ሞታ።»

«ነፍስ ይማር» አልኩ። ብርቱካንን አላውቃትም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ማሽኑ «ተገናኝቷል» ይላል። ምልክቱም ሙሉ ነው። ግን ከማን ጋር? ጠጋ ብዬ ስሙን ሳነብ ኮረብታው ላይ ያለው የማማው ስም አይደለም። በእንግሊዝኛ ፊደል «ካምፕ 3» ይላል። ካምፕ ሦስት ከስምንት ዓመት በፊት ተዘግቷል። ሠራተኛው ወደ ሌላ ተዛውሯል፤ ቤቶቹን ጫካ በልቷቸዋል። እዚያ መብራት የለም፤ ሰው የለም። ማሽኑ ግን ከዚያ ጋር ተገናኝቻለሁ ይለኛል።

ቢሆንም ሥራ ሥራ ነው፤ ያንን ስም እንዲረሳ አዘዝኩት፤ ከማማው ጋር አገናኘሁት። ያን ጊዜ ከስክሪኑ ግርጌ አንድ ነገር መንቀሳቀስ ጀመረ። መውጫ ላይ ተይዘው የነበሩ መልእክቶች ተራ በተራ መውጣት ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ሳላነባቸው «እሰይ» አልኩ። የተከማቸው ሪፖርት መስሎኝ ነበር። አልፎም ወርቄን ውሃ አስቀድቼ ጠጣሁ።

ከቀትር በኋላ የመኪና ድምፅ ሰማሁ። የድርጅቱ የበሽተኛ መኪና መብራቱን እያበራ ጭቃውን ሰንጥቆ ግቢው ውስጥ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ። አልጋው ተነጥፏል።

«የታለች?» አለኝ።

«ማን?»

ወረቀት ከኪሱ አወጣ። «ብርቱካን። ምጥ ጠንቶባታል፣ አሁኑኑ ድረሱ የሚለው መልእክት እንደገባ ሌላውን ሳናይ ነው የመጣነው።» ወደ ሠራተኞቹ ቤቶች ዞሮ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ፦ «ብርቱካን! የብርቱካን ቤተሰብ! መኪና መጥቷል!»

ለቅሶ ቤቱ ከዚያ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም። ድንኳኑ ውስጥ ይሰማ የነበረው ድምፅ ሁሉ ቀጥ አለ። ከዚያ ሰው አንድ በአንድ ብቅ አለ። ነጠላቸውን እንደዘቀዘቁ ቆመው መኪናውን፣ የተነጠፈውን አልጋ ያያሉ። ከመካከላቸው አንድ ረጅም ሰው፣ ፂሙ ያደገ፣ ወደ ፊት ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ። ባልየው ተካ እሱ ነበር።

«ማን ጠራችሁ?» አለ።

ሾፌሩ ወረቀቱን አየ፤ እኔን አየ። እኔ ወደ ውስጥ ገባሁ። የተላኩትን መልእክቶች ከፈትኩ። አምስቱም ማክሰኞ ቀን የተጻፉ ናቸው። የመጀመሪያው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፤ የመጨረሻው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል።

ሲስተር ሙሉ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። አላለቀሰችም። «ተገናኝቷል ይላል እኮ» አለችኝ። «በጻፍኩ ቁጥር አያለሁ፤ ተገናኝቷል ይላል። ስለዚህ እየመጡ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሷንም ‹በርቺ፣ መንገድ ላይ ናቸው› እያልኳት ነበር። እስከ ስድስት ሰዓት ጠብቄ ሰው በእግር ላክሁ። ወንዙ ጋ ሲደርስ ሞልቶ አገኘው።»

ጠዋት ወንዙ አልሞላም ነበር። መልእክቱ አንድ ሰዓት ላይ ቢደርስ ኖሮ መኪናው ሦስት ሰዓት ላይ እዚያ ነበር። ይህን ስሌት ማንም አልነገረኝም፤ እኔው ራሴ ነኝ የሠራሁት፤ ዛሬም እሠራዋለሁ።

ያን ጊዜ ነው ደብተሩን ያወጣሁት። የክሊኒኩን ገጽ አገኘሁ። በጋሽ ሰይፉ ቀጥ ያለ ፊደል ተጽፏል፦ «የክሊኒኩ ማሽን ከካምፕ ሦስት የመጣ ነው። የድሮ ቤቱን ይፈልጋል። ማማው ሲደክም ካምፕ ሦስትን እንዳይዝ ከልክዬዋለሁ። ሲስተም የሚያድስ ሰው ይህን መልሶ ይከልክል።»

ሲስተም የሚያድስ ሰው እኔ ነበርኩ። አዲሱ ሲስተም ክልከላውን አንሥቶታል፤ የድሮውን ቤት ስም ግን ይዞታል። ሰኞ ማታ ዝናቡ ሲበረታና የማማው ምልክት ሲደክም፣ ማሽኑ የድሮ ቤቱን ፈልጎ ገብቶ በሩን ዘግቷል።

ግን ሰው በሌለበት ካምፕ ምልክቱን የሚልከው ማነው?

«እዚያ ሰው አይሄድም» አለች ወርቄ። «አረንጓዴ ዓይን አለ ይላሉ።»

በማግስቱ ጠዋት መሞከሪያውን ላፕቶፕ ደረቴ ላይ አቅፌ ተነሣሁ። ሲስተር ሙሉ ሳልጠራት ጫማዋን አጠለቀችና ተከተለችኝ። የድሮው የመኪና መንገድ ሣር ለብሶ ገመድ አክሏል። ቡናው ለቃሚ አጥቶ ወደ ላይ ተመዝዟል፤ ቅርንጫፉ ላይ ያለፈው ዓመት ፍሬ ጠቁሮ ደርቋል። ዝናቡ ቆሟል፤ ከዛፉ ግን ይንጠባጠባል። ጥቂት እንሄድና ቆሜ በዝግታ እዞራለሁ። ምልክቱ ሲወርድልኝ ዞር ብዬ ወደ ኋላዬ እሄዳለሁ። ሲስተር ሙሉ ምን እንደማደርግ አልጠየቀችኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «እየጨመረ ነው?» አለች። «እየጨመረ ነው» አልኳት።

መጀመሪያ ያየሁት መሬቱን ነው። በዚያ ሁሉ ጫካ መካከል፣ ጣራው የወደቀ ቤት አጠገብ፣ መሬቱ ተጠርጓል። ቅጠል የለበትም። የመጥረጊያው ጭረት ትኩስ ነው። ቀና ስል ሳይፈርስ የቀረው አንድ ቤት ጣራ ላይ ሶላር አለ፤ ሌላው ሁሉ ሽበት ሲያበቅል እሱ ብቻ እንደ ውሃ ያበራል። ከጎኑ አንድ አንቴና ፊቱን ወደ ክሊኒኩ አዙሮ ቆሟል።

በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጡ ጨለማ ነው። ግድግዳው ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ከመብራቷ ፊት ለፊት አንድ በርጩማ ተቀምጧል።

«ሰይፉ ነው የላከሽ?»

ድምፁ ከኋላችን ነው። ሲስተር ሙሉ ክንዴን ያዘችኝ። ዞርን። አንድ ሽማግሌ እርጥብ ጨርቅ በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ፀጉራቸው ጥጥ ነው፤ ሸሚዛቸው ላይ የድርጅቱ ምልክት ደብዝዞ ይታያል። አባ ወልዴ ይባላሉ፤ የካምፕ ሦስት ዘበኛ ነበሩ። ሸኮ ናቸው፤ አማርኛውን ቃል በቃል እየመረጡ ነው የሚያወጡት።

«እኔ ጠበቅኩ» አሉ። «ሰይፉ ‹ይቺ መብራት እንዳትሞት፤ የሶላሩን መስታወት ጠዋት ጠዋት ጥረግ፤ ሰው ይመጣል› አለኝ። ሰው አልመጣም። እኔ ጠረግኩ።»

«ስንት ዓመት?» አለች ሲስተር ሙሉ፤ ድምፅዋ ተቀይሯል።

«ካምፑ ከሄደ ጀምሮ። በየቀኑ። ያመመኝ ቀንም ወጥቻለሁ።» መሰላሉን አሳዩን። «ሠራተኛ ሲሄድ እኔን አልጠሩኝም። ሥራ አለኝ ማለት ነው።»

ማንም አላስታወሳቸውም። ዝርዝር ውስጥ አልገቡም፤ ደመወዝ የለ፣ ስንብት የለ። ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ጎደሬና የጫካ ማር እየበሉ ያቺን ብርሃን ጠበቁ። ሳጥኗ ግን የትም አትደርስም። ሽቦዋ ከዓለም ተቆርጦ ነበር፤ የምትጠራ ብቻ ናት። የመጣላትን መልእክት ሁሉ ተቀብላ የትም የማታደርስ።

ሲስተር ሙሉ አፏን ስትከፍት አየሁ። ልትነግራቸው ነው። ዓይኗ ላይ የማክሰኞ ቀን ሁሉ ነበር። ከዚያ ጨርቁን አየች፤ የተጠረገውን መሬት አየች። አፏን ዘጋች፤ ወጥታ ደጅ ላይ ቆመች።

«አባ ወልዴ» አልኳቸው፣ «ልረከብዎ ነው የመጣሁት።»

ቀና አሉ። «ሥራዬን በደንብ ሠርቻለሁ?»

ከዚህ የበለጠ በደንብ የሠራ ሰው በዘመኔ አላየሁም። ሴትየዋም የሞተችው መስታወቱ ንጹህ በመሆኑ ነው።

«በደንብ ሠርተዋል» አልኳቸው። ደብተሩ ላይ «ካምፕ ሦስትን ከአባ ወልዴ ተረክቤያለሁ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ፤ እሳቸውም አውራ ጣታቸውን በእስክሪብቶ ቀለም ቀብተው አተሙ። ከዚያ ሽቦውን ነቀልኩት። አረንጓዴዋ መብራት አንድ ጊዜ ጠንከር ብላ በራችና ጠፋች። አባ ወልዴ በርጩማው ላይ ተቀምጠው የጨለመውን ግድግዳ ብዙ አዩት። ያን ቀን አብረውን አልመጡም። ከሳምንት በኋላ ነው፣ ሲስተር ሙሉ ራሷ ሄዳ፣ ወደ ክሊኒኩ ያመጣቻቸው። የቀረ ደመወዛቸው እንዲታይ እኔ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ጉዳዩ ተጓቶም ቢሆን አለቀ።

እኔ ከካምፕ ሦስት እንደተመለስኩ ወደ ሚዛን ተፈሪ፣ ጋሽ ሰይፉ ቤት ሄድኩ። በረንዳ ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ተቀምጠዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም፤ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ።

«ያንን ሳጥን ልነቅለው ሄጄ ነበር» አሉ። «ወልዴ መሰላል ላይ ወጥቶ መስታወቱን ሲወለውል አየሁት። እንደ ልጅ ፊት ነው የሚጠርገው። ‹ይህን ከነቀልኩ ይህ ሰው ነገ ጠዋት ምን ያደርጋል?› አልኩ። ማሽኑን መከልከል ይበቃል ብዬ ተውኩት። አዘንኩለትና ተውኩት።»

«ጥፋቱ የኔ ነው ጋሼ። ጽፈውልኝ ነበር፤ አላነበብኩም።»

«የተጻፈ አደጋ አደጋ መሆኑን አይተውም» አሉ። ከዚያ ምርኩዛቸውን ፈለጉ። «ባልየው ያውቃል?»

«አያውቅም። ማሽን ተበላሸ ነው የተባለው።»

«ተነሺ እንሂድ።»

ሐኪም ከቤት አይውጡ ያላቸው ሰው ናቸው። በዚያ መንገድ፣ በዚያ ጭቃ፣ የፊት ወንበር ላይ እያቃሰቱ ሄድን። ተካ በር ላይ ተቀምጦ አገኘነው። እህቱ ውስጥ ሕፃኗን ይዛለች፤ ብርቱካን የወለደቻት ሴት ልጅ ተርፋለች። ጋሽ ሰይፉ ቁጭ ይበሉ ሲባሉ እንቢ ብለው በምርኩዛቸው ቆሙ። መጀመሪያ እሳቸው የሳጥኑን ነገር ተናገሩ። ቀጥዬ እኔ፦ ያልገለጥኩትን ደብተር፣ ያላስነሣሁትን ማሽን፣ ክላክስ ያደርግ የነበረውን ሾፌር። ስለ አባ ወልዴ ግን መስታወት ጠራጊ መኖሩን እንጂ ስማቸውን አላነሣንም።

ተካ መሬት መሬት እያየ ሰማ። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢመታኝም እጄን አላነሣም ነበር።

«ሲስተር ስትጽፍ እኔ አጠገቧ ነበርኩ» አለ። «ብርቱካን ‹ምን ብላ ጻፈች?› ትለኛለች። እኔ ማንበብ አልችልም። ‹መኪና እየመጣ ነው ብላለች› እላታለሁ። ምን ብላ እንደጻፈች ግን አላውቅም።» ቀና አለ። «ያ ጽሑፍ አለ?»

አትሜ ይዤዋለሁ። ከሪፖርቱ ጋር ለማያያዝ ነበር። ከቦርሳዬ አወጣሁት።

«ያንብቡልኝ» አለ።

ደረጃው ላይ ተቀምጬ አነበብኩለት። «ብርቱካን ምጥ ጠንቶባታል፤ አሁኑኑ መኪና ይላክ።» «መድማት ጀምራለች፤ እባካችሁ።» «ሴት ልጅ ተወልዳለች፤ ደህና ናት። እናትየዋ ደም አልቆመላትም።» አራተኛው ላይ «እባካችሁ» ብቻ ነው የተጻፈው። አምስተኛው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ጭኔ ላይ አወረድኩ፤ ጋሽ ሰይፉ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ፤ ቀጠልኩ። «ልጇን አቅፋታለች። ትመስለኛለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ቁርጥ አንቺን አልኳት። ሳቀች። ቶሎ ድረሱ።»

ተካ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ። ሄደ ብዬ ወረቀቱን ላጥፈው ስል ሕፃኗን ታቅፎ ተመለሰ። ተኝታለች። አጠገቤ፣ ደረጃው ላይ፣ ትከሻው ትከሻዬን እስኪነካ ተጠግቶ ተቀመጠና ፊቷን ወደ እኔ አዞረው።

«የመጨረሻውን ይድገሙት» አለ። «ትስማው።»